ሻምበል አበበ ቢቂላና ቮልስዋ

በእሁድ ገበያዋ ከምትታወቀው ሰንበቴ ወይም ከጎረቤቷ ከሚሴ ተነስቶ አዲስ አበባ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ጣሊያን የቆፈረው የጣርማበር ዋሻ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ፣ ሰንዳፋ እያለ ከተማ ይገባል። መኪናውን ገዝቶ ሲመለስም የሚጠብቀው ያው መንገድ ነው። ሐሳቡ ሁሉ መኪናው ላይ ነው። ሞተሩ ዳገት ይችላል አይችልም? ፍሬኑ ይይዛል አይዝም? ደላላው የማለው እውነት ነው ውሸት? ሸኖ ሲደርስ ቢበዛ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዚህች ብርዳም ከተማ አካባቢ ግን አንዲት ቮልስ ተገልብጣ፣ ዓለምን ሁለት ጊዜ ያስደነቁትን እግሮች ለዘላለም አስቁማለች።

ቀኑ ቅዳሜ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ነው። መሽቷል። ሻምበል አበበ ቢቂላ የራሱን ቮልስ እየነዳ ነበር። መኪናዋ ከቁጥጥሩ ወጣች፣ ተገለበጠች፣ እሱም ውስጧ ተቀርቅሮ ቀረ። ሰው ደርሶ ያወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። በማራቶን ከሁለት ሰዓት ከሩብ በላይ መሮጥ የማያስፈልገው ሰው አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ በዚያ ደጋ ብርድ ተኝቶ ነጋለት።

የዛሬው የኳስ ተመልካች አበበን የሚያውቀው በስሙ ከተሰየመው ስታዲየምና ከአንዲት የቴሌቪዥን ምስል ነው። ሮም፣ ባዶ እግር፣ አለቀ። ነገር ግን የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው ለተከታተለው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። አበበና አሰልጣኙ የሚሮጥበትን ነገር ሁሉ አስቀድመው ይፈትሹ ነበር። ጫማውን ፈትሸዋል፣ የሮምን አስፋልት ፈትሸዋል፣ የተቃዋሚን ቁጥር ሳይቀር አጥንተዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የመጨረሻው የማይድን ጉዳት የመጣበት ከመሮጫው መንገድ ሳይሆን ለሽልማት ከተሰጠችው መኪና መሆኑ ነው የሚቆጨው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያችው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር። እንግዲህ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ፣ አባቱ ደግሞ ደምሴ ይባላሉ። ጣሊያን ሲወር ቤተሰቡ ጎሮ ወደምትባል ሩቅ ቦታ ተሰደደ፣ ኋላም ተመለሰ። ልጅነቱን ያሳለፈው እንደማንኛውም የገጠር ልጅ በእርሻውና በከብቱ መሀል ነው። ገናም ተጫውቷል። ገና ሲባል ሩሯን በዱላ እያሳደዱ ከአንዱ ግብ እስከ ሌላው ግብ አንዳንዴ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ሜዳ ሲጠብበት የሚያለቅስ የዛሬ የክንፍ ተጫዋች ያንን ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ!

አዲስ አበባ ገብቶ በ1944 ዓ.ም አካባቢ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያ ዘመን ከሱሉልታ ተራራ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሱሉልታ እየተመላለሰ ይሮጥ ነበር። ዘበኛውን ለማሰልጠን በመንግሥት የተቀጠረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ዓይኑን የጣለበት በዚህ ጊዜ ነው። በጦር ሠራዊት ሻምፒዮና ግን ቀዳሚው ሰው እሱ አልነበረም። በወቅቱ የሀገሪቱ የሩጫ ንጉሥ ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበም ከእሱ ኋላ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል።

እዚህ ላይ ኳስ ወዳዱን የሚመለከት አንድ ወሬ አለ። ዋሚ ከሮም በፊት እግር ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ተሰብሮ አበበ በመጨረሻው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ ይባላል። ልክ ቋሚ ተሰላፊ ሲጎዳ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ጎል እንደሚያገባ ልጅ! ወሬው ይጣፍጣል፤ ሰዓቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። አበበ ከሮም አንድ ወር ቀደም ብሎ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፣ በዚህ ከፍታና በዚህ ቀጭን አየር፣ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ያህል ጨርሷል። ይህ ከታዋቂው ከኤሚል ዛቶፔክ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት የተገኘ ተቀያሪ ሊባል አይችልም። ኒስካነን ምን ይዞ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር፤ የማያውቀው ሌላው ዓለም ነው።

ሮም ላይ የመጀመሪያው ፍተሻ ጫማ ነበር። የድሮው አልቋል። አዲስ ጫማ ተገዛ፣ ተሞከረ፣ እግሩን ላጠው። ሌላው ሰው ቢሆን ለኦሊምፒክ ያውም ለማራቶን ያለ ጫማ አይወጣም፤ ጥጥ ጠቅጥቆም ቢሆን ያደርገው ነበር። አበበ ግን ለብዙ ዓመት ያገለገለውን፣ ጠባዩን የሚያውቀውን የራሱን እግር መረጠ። ይህንን ብዙዎች የድህነት ምልክት ያደርጉታል። ነገሩን በደንብ ላየው ግን የባለሙያ ውሳኔ ነው። ተፈትሾ የወደቀ ዕቃ ተጣለ፣ ተፈትሾ ያለፈው ተያዘ።

ሁለተኛው ፍተሻ መንገዱ ነው። አሰልጣኙና ሯጩ ከውድድሩ በፊት መንገዱን ተዘዋውረው አዩት። ወደ መጨረሻው አካባቢ ጣሊያን በ1929 ዓ.ም ከሀገራችን የዘረፈው የአክሱም ሐውልት ቆሟል፤ እዚያም ጋ መንገዱ ትንሽ ዳገት ይሆናል። ማፍተልከኛው ቦታ ያ እንዲሆን ተስማሙ። ሐውልቱ ወደ ሀገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም ነው፤ ያን ምሽት ግን እዚያው ሮም ውስጥ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ሦስተኛው ፍተሻ ተቃዋሚው ነበር፣ እሱ ግን ከሸፈ። አበበ እንዲጠነቀቅ የተነገረው ከሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆን ቁጥሩ 26 ነው ተባለ። ሰውየው ግን 185 ቁጥር ለብሶ ወጣ። አበበ አጠገቡ የሚሮጠው ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ 26 ቁጥርን ከፊት ሲፈልግ ነበር የሮጠው። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ይህንን ቶሎ ይገባዋል። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ሲለያይ ማለት ነው! ለማንኛውም ሐውልቱ ጋ ሲደርሱ 11 ቁጥር የለበሰው ኢትዮጵያዊ አፈተለከ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ በችቦ በበራው ጎዳና 2:15:16.2 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ራዲ ከኋላው 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ገባ። በማግስቱ ኢትዮጵያ ላይ እንቁጣጣሽ ነበር።

አዲስ አበባ እንደ ንጉሥ ተቀበለችው። ጃንሆይ ኒሻን ሸለሙት፣ የአስር አለቃ ማዕረግ ሰጡት። ቤትና ቮልስ መኪናም ተመደበለት። ሁለቱም ግን ንብረትነታቸው የክብር ዘበኛ ነበር። መኪናዋ ሹፌር ያላት ነበረች፤ ምክንያቱም የዓለም ሻምፒዮኑ ያኔ መኪና መንዳት አይችልም። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን። ሰውየው ከመሪ ጋር የተዋወቀው 28 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ዘበኛ የሆነ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተጠይቆ ተለቀቀ። በ1953 እና 54 ዓ.ም ግሪክ፣ ጃፓንና ቼኮዝሎቫኪያ ሮጦ ሁሉንም አሸነፈ። በ1954 ዓ.ም ጥር ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካ ዋንጫን ሲያነሳ ሀገሪቱ በሁለት ስፖርት አናት ላይ ነበረች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዘመን መቼ እንደሚመለስ እግዜር ይወቅ። በ1955 ዓ.ም ቦስተን ላይ ብቻ ብርዱና ዳገቱ አሸንፎት አምስተኛ ወጣ። ጀምሮ በጨረሳቸው ማራቶኖች ሁሉ ያላሸነፈው ያንን ብቻ ነው።

ቶኪዮ ሲቃረብ ሰውነቱ ራሱ ፍተሻ ወደቀ። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም ትርፍ አንጀቱ ታመመና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ለውድድሩ የቀረው 35 ቀን ነው። ዛሬ አንድ አጥቂ በዚህ ሁኔታ ለዋንጫ ጨዋታ ይሰለፋል ቢባል የክለቡ ሐኪም ሥራውን ይለቃል። አበበ ቀስ በቀስ ልምምድ ጀመረ፣ ጥቅምት 11 ቀን በዚህኛው ጊዜ ጫማ አድርጎ መነሻው ላይ ቆመ። ቀሪው ታሪክ የውድድር አይመስልም። 2:12:11.2 ሌላ የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ተቀደመ። ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ እያሉ አበበ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሳ ሰውነት ማሟሟቂያ ይሠራ ነበር። ኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው ሆነ።

ሲመለስ የመቶ አለቃ ሆነ፣ ኒሻንም ተጨመረለት። ቤትና ቮልስም ተሸለመ። የአሁኗ ቮልስ የግሉ ናት። ያኔ ቮልስ ማለት የተከበረ ነገር ነው። የማራቶን ሯጭ ከወታደር ደመወዙ ቆጥቦ የሚገዛት አልነበረችም። የንጉሥ ስጦታ ስለሆነችም ጋራዥ ወስዶ ይህቺ እንዴት ናት ብሎ የሚያስፈትሽ ሰው ይኖራል ተብሎ አይታሰብም።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ማለት ተገቢ ነው። ቮልስን የነደፉት ኦስትሪያዊው ፈርዲናንድ ፖርሽ ናቸው። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋን የፖርሽ ስፖርት መኪና ሲሠራ ብዙውን ዕቃ የወሰደው ከቮልስ ነው። ያቺም ጣሪያ አልባ ነበረች። እንግዲህ ዛሬ ሀብታም የሚቀናባት ፖርሽ የአበበ መኪና ዘመድ ናት። በአበበ ዘመን የነበረችው ባለ 1200 ሞተር ቮልስ ጉልበቷ 34 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቷ ቢበዛ በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ራዲያተር የለም፤ ውሃ አይፈላም፣ ውሃ አያልቅም። ለጣርማበር ዳገት ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል? በዚህ ምክንያት ነው ዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው፣ አዲስ አበባም ውስጥ ያረጁት ሳይሞቱ የኖሩት።

የሜክሲኮ ነገር ከተነሳ አበበም እዚያ ሄዷል። ከ1959 ዓ.ም ጀምሮ እግሩ ሲያስቸግረው ነበር፤ ስፔን ላይ የተጎዳው ጅማቱ በትክክል አልዳነም። ሆኖም ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 1 ቁጥር ለብሶ ተነሳ። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አልቻለም፣ ወጣ። ውድድሩን ማሞ ወልዴ አሸነፈና ወርቁ በኢትዮጵያ እጅ ለሦስተኛ ጊዜ ቀረ። የተጎዳ ቡድን መሪ ለጓደኛው ኳሷን ሰጥቶ ሲወጣ ማለት ነው። ሀገር ቤት ሲመለስ የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው። አምስት ወር ቆይቶ ያቺ ቅዳሜ መጣች።

በዚያች ምሽት የሆነው ነገር አንድ ወጥ ታሪክ የለውም። ልጁ ጽጌ አበበ በጻፈችው የሕይወት ታሪክ መሠረት ከፊት ለፊት በፍጥነት የመጣ መኪና ለማዳን ሲል ነው የተገለበጠው። ሌሎች ደግሞ በዚያ ሰሞን ረብሻ ስለነበር ሰልፈኛ ተማሪዎችን ሲሸሽ ነው ይላሉ። እንግሊዛዊው የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ቲም ጁዳ ደግሞ መጠጥ ሊኖርበት ይችላል የሚል ጥርጣሬ ያነሳል። ከሦስቱ አንዱን መርጦ እውነቱ ይኼ ነው ማለት ለሟቹ ፍትህ አይሆንም። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ። ከመሪው ኋላ የነበረው ሰው መኪናዋን መቆጣጠር አቅቶታል።

ታዲያ ጥያቄው ቮልስዋ ምን አጠፋች የሚል ይሆናል። በእርግጠኝነት የሚታወቀው የዚያ ዘመን ቮልስ ሁሉ የነበረባት ጠባይ ነው። የኋላ ጎማዎቿን የሚይዙት ሴሚያሶች የሚታጠፉት ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው። ሹፌሩ በፍጥነት እየሄደ መሪውን በድንገት ሲጠመዝዝ፣ ወይም ኩርባ ውስጥ ገብቶ ደንግጦ ነዳጅ ሲለቅ፣ ኋላዋ ብድግ ይልና የውጪው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ክብደቱ ደግሞ በአብዛኛው ከኋላ ነው። መኪናዋ ጭራዋን ትወረውራለች፣ ሲብስ ትገለበጣለች። አሜሪካዊው ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 በጻፈው መጽሐፍ የሸቭሮሌ ኮርቬርን የከሰሰው በዚሁ ዓይነት አክሰል ነው። የቮልስ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለአሜሪካ በሚልካቸው ላይ ይህንን ለውጧል። ለአበበ ግን ዘግይቷል። በዚያ ላይ የዚያን ጊዜዎቹ ቮልሶች አብዛኞቹ ኤሌክትሪካቸው 6 ቮልት ስለሆነ መብራታቸው ደካማ ነው፣ የመሪያቸው ዘንግም በግጭት ጊዜ የማይታጠፍ ብረት ነው። በጨለማ፣ በጠባብ አስፋልት፣ ከፊት ለፊት መብራት ሲመጣ፣ መሪውን ጠምዘዝ ማድረግ የማንኛውም ሰው ደመ ነፍስ ነው። ቮልስ ይቅር የማትለው ይህንኑ ነው።

ይህንን የሚያነብ፣ አሮጌ ቮልስ ገዝቶ በዚያ መንገድ ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ሰንበቴ ሊነዳት ያሰበ ሰው ካለ አንዳንድ ነገር ማወቁ አይጎዳውም። መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን ያንሳ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ አሲዱ ወለሉን በልቶት እንደሆነ ጣቱ ይነግረዋል። ደላሎች ላሜራውን በስቱኮ ሞልተው በቀለም ማሳመር ያውቁበታል፣ ወለሉን ግን ማንም አያሳምረውም። ሞተሩ ሳይነሳ ከኋላ ያለውን ቺንጊያ የሚያዞረውን ፑሌጃ ጨብጦ ወደፊትና ወደኋላ ይግፋው። ከተንቀጫቀጨ ሞተሩ ውስጡ አልቋል፣ በቃ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ራሱ ሰውየው በተገኘበት ይነሳ። ሻጭ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያቺ ቺንጊያ ከተበጠሰች ማቀዝቀዣው ማራገቢያም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ስትበራ እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ የሚባል ነገር የለም። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነች ያፈሰሰች ቮልስ ቶሎ ትሞታለች።

ከዚያ የፊት ጎማዋን በክሪክ አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። የድሮዎቹ የፊት እግር ግራሶ ካልጠገበ ይበላል፤ የተበላ የፊት እግር ደግሞ መሪውን ወደፈለገበት ይወስደዋል። በሜዳ ላይ ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን የምትጎትት መኪና፣ ሹፌሩ ነዳጅ ሲለቅ ከማርሽ የምትወጣ መኪና፣ ዋጋዋ የቱንም ያህል ቢወርድ ውድ ናት። የጣርማበርን ቁልቁለት ማሰብ ብቻ ይበቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ 1,300 ሜትር እንኳን ወደማትሞላው ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ፍሬን ብቻ ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ማቃጠል ነው፤ በትንሽ ማርሽ ነው የሚወረደው። የቮልስ መስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚረጨው ከስኮርታው ጎማ በሚመጣ አየር መሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስኮርታው ባዶ ከሆነ ባለቤቱ መኪናውን እንዴት ይዞ እንደኖረ ከዚያ ይታወቃል። ጣሪያዋ የሚከፈት ቮልስ ወይም ስፖርት መኪና ላገኘ ዕድለኛ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋ ያለው ከበሮቹ ሥር ባለው ብረት ላይ ነው። እዚያ ዝገት ካለ በሩ ሲከፈት አይዘጋም፣ ሸራውም ላይ ውሃ አፍስሶ ምንጣፉ ስር መዳበስ ነው። ቀኑ ፀሐይ ስለሆነ ብቻ የተገዛ ክፍት መኪና ሐምሌ ላይ ባለቤቱን ያስለቅሳል። ይህንን ሁሉ ፈትሾ የገዛትን ቮልስም ቢሆን በኩርባ ላይ በቀስታ መያዝ ነው። ከኋላ ያለው አክሰል ጠባዩ ጋራዥ ተገብቶ የሚለወጥ አይደለም።

ወደ ሻምበሉ እንመለስ። መጀመሪያ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል፣ መጋቢት 20 ቀን ደግሞ እንግሊዝ ወደሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ ላይ እጁም አይንቀሳቀስም ነበር። ስምንት ወር ታክሞ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ሆስፒታሉ የዛሬው የፓራሊምፒክ ውድድር የተጀመረበት ነው። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳ ወታደሮችን ቀስት በማስወርወር ሕይወት ሊመልሱላቸው የሞከሩት እዚያ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥም ሄደው ጠይቀውታል።

እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ስፖርተኛ ቤቱን ዘግቶ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም። አበበ ግን በ1962 ዓ.ም ሐምሌ ወር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም ኖርዌይ ላይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ እዚያም መቀመጥ አልቻለም። የ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ጋሪ ውድድር ውስጥ ገብቶ በ1:16:17 አንደኛ ወጣ። የተወዳደሩት 16 ነበሩ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ልጅ በረዶ ላይ ኖርዌይን አሸነፈ ማለት ነው። ይኼኛው ድል ከሮም ቀጥሎ ሊነገር ሲገባው ብዙም አይነገርም።

ሙኒክ ላይ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠራ። ስታዲየሙ ሲያየው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የማራቶኑ ቀን ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም ነበር፤ ሮም ላይ ከሮጠ በትክክል 12 ዓመቱ። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ። አሸናፊው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ወዳለው ሻምበል ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ከዚያ አንድ ዓመት ብቻ ነው የኖረው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ በአንጎሉ ውስጥ በፈሰሰ ደም በ41 ዓመቱ አረፈ። ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና አራት ልጆች ቀሩ። ጃንሆይ የሐዘን ቀን አወጁ። ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር 65 ሺህ ያህል ሰው እንደተገኘ ይነገራል። ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም ግንቦት፣ ማሞ ወልዴም እዚያው ተቀበረ።